«በዓይኔ ሳላይ አልፈርድም»፦ አያት የሄደችበት ኮንሰርት

ጃም ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዳቦ ላይ የሚቀባው ማርማላታ ነው። በሙዚቀኞች ዘንድ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ነው። ተጫዋቾች ተሰባስበው፣ አስቀድመው ያላጠኑትን፣ አንዱ ሌላውን እያዳመጠ እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጥሩት ጨዋታ ጃም ይባላል። አዲስ አበባ ያሉ የጃዝ ልጆች «ዛሬ ማታ ጃም አለ» ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዋና ሥራቸው ይኸው የሆነ ባንዶች አሉ፤ ጃም ባንድ ይባላሉ። አንዱን ዘፈን ሃያ ደቂቃ፣ ሲያሻቸውም ግማሽ ሰዓት ይጫወቱታል። ዛሬ የተጫወቱትን ነገ በዚያው መልክ አይደግሙትም። አድማጮቻቸውም የነገው እንዳያመልጣቸው ከከተማ ከተማ ይከተሏቸዋል።

ችግሩም የሚመጣው ከዚህ መከተል ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ጓደኛ ያፈራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ቀለም የተረጨበት የሚመስል ካናቴራ ለብሶ ይመጣና «ቅዳሜ ፔንሲልቫኒያ ኮንሰርት አለኝ» ይላል። ወላጅ ይደነግጣል። የልጅ ልጅ ልታሳድግ ከአዲስ አበባ የሄደች አያት ካለች ደግሞ በሁለቱ መሀል ትቀመጣለች።

እኔ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የምጽፍላችሁ እንዲህ መሀል ስለተቀመጠች አያት ነው። አብሮ አደጌ ናት፤ ካዛንቺስ በአንድ ግቢ ነው ያደግነው። ስሟንና የቤተሰቧን ስም እንዳልጠቅስ ተነጋግረናል፤ ሌላውን ግን «ጻፊው፣ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም» ብላኛለች።

ልጇ ነርስ ናት። ዘግየት ብላ ሁለተኛ ልጅ ስትወልድ እናቷን አስመጣች፤ ለአራስ ጥየቃ የመጣችው ጓደኛዬም ግሪን ካርድ ይዛ ቀረች። የቤቱ የበኩር ልጅ ሃያ ዓመቱ ነው፤ የኮሌጅ ተማሪ። ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ እንዲህ ያለ ኮንሰርት ሄዶ ነበር። ለአራተኛው ሲነሳ እናቱ የመኪናውን ቁልፍ ደበቀችበት። «ዕፅ የሚጨስበት ቦታ ነው፤ ልጄን ላጣው ነው» አለች። እሱ ምንም ሳይመልስ በአውቶቡስ ሄደ። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ በአንድ ቤት እያደሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። አንዱ ለሌላው መናገር ያለበትን ማቀዝቀዣው ላይ በወረቀት ይለጥፍ ነበር።

ጓደኛዬ «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ብላ ጥቂት ታገሰች። ከዚያ ደወለችልኝ።

«አንቺ እንዲህ ያለ ቦታ ትሄጂ የለም እንዴ?»

እሄዳለሁ። ልጄ ተማሪ ሳለች እሷን ልጠብቅ ብዬ ጀምሬ፣ እሷ ስትተወው እኔ ቀጠልኩበት።

«እንግዲያው ውሰጂኝ። በዓይኔ ሳላይ በልጁም በእናቱም ላይ አልፈርድም።»

እንዲህ ያለ ኮንሰርት አይቶ የማያውቅን ሰው ሲወስዱ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ስንት መንገር እንደሚገባ ነው። ወጣቶቹ አፍቃሪዎች ታሪኩን ሁሉ በአንድ ቀን ሊያስጠኑ ይሞክራሉ፤ ሰውየው ገና ቤቱ ሳለ ይሰለቻል። እኔ ለጓደኛዬ የነገርኳት ይህን ያህል ነው። የነገሩ ሥር ግሬትፉል ዴድ የሚባል ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ውስጥ ተመሠረተ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ2,300 በላይ ኮንሰርት አቀረበ። ጊታሪስቱ ጄሪ ጋርሲያ ለዓመታት ከሱስ ጋር ሲታገል ኖሮ በነሐሴ 1995 በ53 ዓመቱ ሞተ፤ የሞተውም በማገገሚያ ተቋም ውስጥ ሳለ በልብ ድካም ነበር። ባንዱ በዚያው አበቃ። ዘፈኖቹ ግን አላበቁም፤ ዛሬም እነሱን እየተጫወቱ አገር የሚዞሩ ብዙ ባንዶች አሉ።

ከእነሱ ቀጥሎ ስሙ የሚነሳው በ1983 በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተመሠረተው ፊሽ ነው። እነዚህ ሰዎች በ2017 ክረምት በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አሥራ ሦስት ምሽት ተጫውተው አንድም ዘፈን አልደገሙም። የተጫወቱት በድምሩ 237 ዘፈን ነበር። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ «አሥራ ሦስቱንም ቀን የሄደ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። አለ፤ በብዛት።

ከሁሉ በላይ የገረማት ግን የካሴቱ ነገር ነው። ሌሎች ዘፋኞች ኮንሰርታቸው እንዳይቀዳ ዘበኛ ሲያቆሙ ግሬትፉል ዴድ አድማጩ መቅጃ ይዞ እንዲገባ ፈቀደ። በ1984 ጭራሽ ለቀጂዎች የተለየ ቦታ ከለለላቸው። ሕጉ አንድ ነው፦ መለዋወጥ ይቻላል፤ መሸጥ አይቻልም። እንዲያ ከተቀዱት ዝነኛው በግንቦት 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የቀረበው ኮንሰርት ነው፤ ዛሬ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ በመዘገባቸው ድምፆች ውስጥ ይገኛል። «እኛም እኮ ሙዚቃ ቤት ካሴት እናስቀዳ ነበር» አለችኝ። ልዩነቱ እኛ መክፈላችን ነው።

ከዚያ አንድ ዘፈን አሰማኋት፤ «ዳርክ ስታር» የሚባለውን፣ በ1969 በወጣው አልበም ላይ ያለውን፣ ከሃያ ሦስት ደቂቃ በላይ የሚሄደውን። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ቀና ብላ «ዘፋኙ ወዴት ሄደ?» አለች። ለጀማሪ አጠር ያለና ዜማው ቶሎ የሚያዝ ነገር ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ረጅሙን ሰምቶ የሚሄድ ሰው እዚያ ሲደርስ አይደነግጥም።

አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ ጓደኛዬ ለመድረክ እንግዳ አይደለችም። በደርግ ዘመን የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ነበረች። እስክስታው፣ መዝሙሩ፣ የእጅ ማንሣቱ ሳይቀር በቁጥር ነበር። አንዷ እግሯን ካሳሳተች ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማል። ስለዚህ «አጥንተው አይመጡም» ያልኳት ነገር ስድብ ያህል ነው የተሰማት። «ሰው ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ እነሱ መድረክ ላይ ይፈልጉ?» አለች። አዎ፤ ሰውም የሚከፍለው ሲፈልጉ ለማየት ነው።

የተመረጠው ኮንሰርት የግሬትፉል ዴድን ዘፈኖች ከሚጫወቱት ባንዶች የአንዱ ሆነ። ቦታው ከእኛ ሰፈር በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚርቀው፣ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መሀል በምትገኘው በኮሎምቢያ ከተማ ያለው ሜሪዌዘር ፖስት ፓቪሊዮን ነው። በ1967 የተከፈተ፣ በዛፍ የተከበበ፣ ንድፉን ፍራንክ ጌሪ የሠራው የአየር ላይ ቲያትር ነው። ከፊት ጣሪያና ወንበር አለው፤ ከኋላ ሣር ብቻ ነው። ወጣቶች ሣሩን ይመርጣሉ፤ ርካሽ ነው፣ መደነሻም አለው። ለጉልበታችን ግን ጣሪያው ስር ያለው ወንበር ይሻላል። መውጣት መግባት እንዳያስቸግር ትኬት የቆረጥኩት ከመተላለፊያው ዳር ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለምትወስዱ ይህን ለጥቅስ አልልም፤ ጨዋታው ዕረፍቱን ጨምሮ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ነጠላ ወይም ጋቢ ያዙ፤ ማታ ይበርዳል። ቦርሳ ትንሽ ይሁን፤ ብዙ ቦታ ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም። የምትጠፋፉ ከሆነ የምትገናኙበትን ቦታ ገና በብርሃን ወስኑ፤ ያን ያህል ሕዝብ ሲሰበሰብ ስልክ ላይሠራ ይችላል።

የጆሮ መድፈኛ ግን ሳይገዙ እንዳትሄዱ። በሥራ ቦታ ጤና ላይ የሚያጠናው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም እንደሚለው፣ ጆሮ 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ስምንት ሰዓት ይችላል፤ ድምፁ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚችለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ትልቅ ኮንሰርት ላይ ደግሞ 100 ብርቅ አይደለም። ከፋርማሲ በጥቂት ዶላር የሚገዛው ስፖንጅ መሳዩ መድፈኛ ሙዚቃውን አያጠፋውም፤ ያለዝበዋል። ልጅ ይዘው የሚመጡ ወላጆች ጆሮ ሙሉ የሚሸፍነውን ያደርጉላቸዋል። ጓደኛዬ «ሙዚቃ ልሰማ መጥቼ ጆሮዬን ልድፈን?» ብላ ሳቀች፤ ግን ደፈነች።

ሦስታችን ሄድን፤ እሷ፣ የልጅ ልጇና እኔ። እናትየዋ የማታ ተረኛ ነበረች፤ ስንወጣ ለእናቷ «ደኅና ግቡ» አለች፤ ለልጇ አላለችም።

እናቶችን የሚያስፈራው ነገር ያለው አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ቆም ልበል። ከኮንሰርቱ ብዙ ሰዓት ቀደም ብሎ መኪና ማቆሚያው ገበያ ይሆናል። በአንዱ የባንዱ ዘፈን ስም «ሼክዳውን ስትሪት» ይሉታል። ካናቴራ፣ አምባር፣ በመኪና ኋላ በትንሽ ምድጃ የሚጠበስ ባለ አይብ ሳንድዊች ይሸጣል። ጓደኛዬ ዋጋ ሁሉ ጠየቀች፤ ምንም አልገዛችም። አንድ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ የሚዞር ጎረምሳ አይታ «ይኼ ምን ሆኖ ነው?» አለች። ትኬት የሌለው ነው፤ አንድ ትርፍ ያለው ሰው በነፃ እንዲሰጠው እየጠየቀ ነው። ሲያገኝ «ተአምር» ይሉታል። ትርፍ ቢኖራት ትሰጠው ነበር።

ወዲያው ደግሞ ሌላው መጣ። አየሩ ላይ የማሪዋና ሽታ አለ፤ መደበቅ አይቻልም። ከአንድ መኪና ጀርባ ሲሊንደር «ሽሽሽ» ሲል ይሰማል፤ ወጣቶች ፊኛ ይገዙና አየሩን ይስቡታል። ፊኛው ውስጥ ያለው ጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ኦክስጅን አሳጥቶ ራስ ያስታል፣ ከተደጋገመ ነርቭ ይጎዳል። የልጅ ልጇ «እነዚህን ከእኛ አትቁጠሪያቸው፤ ለብር ብቻ የሚመጡ ናቸው» አላት። እኔ ግን አልደብቃችሁም፤ ሻጩ ለብር ቢመጣም ገዢዎቹ ኮንሰርቱ የሚገቡት ልጆች ናቸው። ልጇ የፈራችው ከመሬት ተነሥታ አይደለም።

ከዚያ አንዲት ባለ ረጅም ቀሚስ ሴት ፈገግ ብላ ለጓደኛዬ ብስኩት ዘረጋችላት። የአገራችን ሰው የተዘረጋ እጅ መመለስ ያፍራል፤ ልትቀበል ስትል እጇን ያዝኩት። ምናልባት ብስኩት ብቻ ይሆናል። ምናልባት ግን ማሪዋና አለበት፤ በዓይን አይለይም። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ወዲህ 21 ዓመት ለሞላው ሰው ማሪዋና ፈቅዳለች። የፌዴራሉ ሕግ ግን አልፈቀደም፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚታየው ደግሞ በፌዴራል ሕግ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ ግዛቱ ቢፈቅድም ማሪዋና መጠቀም ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ሊያስቆጥርበት እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። አምኖ መናገር ብቻውን ሊያስጠይቅ ይችላል። ልጁ እዚያው ተወልዶ ዜጋ ሊሆን ይችላል፤ ግሪን ካርድ ያላት አያቱና ከአገር ቤት በቅርብ የመጣው የአጎቱ ልጅ ግን ዜጋ አይደሉም። ወላጆች ለልጆቻቸው «አታጭስ» ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይንገሩ፤ ወጣቶቹ «እዚህ እኮ ሕጋዊ ነው» ብለው ሲመልሱ ሰምቻለሁና።

ገባን። የመጀመሪያው ክፍል አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነበር። ጓደኛዬ ነጠላዋን እግሯ ላይ አጥፋ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ስታይ ቆየች። ምን እንደሚጫወቱ አስቀድሞ የተጻፈ ዝርዝር አይሰጥም፤ ሕዝቡ የዘፈኑን የመጀመሪያ ድምፅ ሲሰማ ነው የሚያውቀውና የሚጮኸው። ከእሷ አጠገብ ነጭ ጢም ያላቸው፣ በእኛ ዕድሜ ያሉ ሰው ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ዘፈን ሲጀመር ዞር እያሉ ስሙን ይነግሯታል፤ እንግሊዝኛዋ ብዙ ባይሆንም ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ጊዜ ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ያኛው ጊታር የሚመታው ዓይኑ ወፍራሙን ጊታር ከያዘው አይነቀልም። ይጠባበቃሉ» አለችኝ። ብዙ ሰው ይህን ለማየት ብዙ ኮንሰርት ይፈጅበታል።

በዕረፍቱ የልጅ ልጇ መጣና «እማማ፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ» አላት። ተከተልኳቸው። ከመጸዳጃው ባሻገር ቢጫ ፊኛ የታሰረበት ጠረጴዛ አለ። ጓደኛዬ ፊኛ ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ ውጭ ያየችው መሰላት። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በ1980ዎቹ ከግሬትፉል ዴድ አድማጮች መካከል መጠጥና ዕፅ ያቆሙ ሰዎች፣ ሙዚቃውን ሳይተዉ እንዳቆሙ ለመቆየት ተሰባሰቡ። ዋርፍ ራትስ ይባላሉ፤ የወደብ አይጦች እንደማለት ነው፤ ስሙ ከባንዱ ዘፈን የተወሰደ ነው። በየኮንሰርቱ ቢጫ ፊኛ ያስራሉ፤ በዕረፍቱ ክብ ሠርተው ይቆሙና ጥቂት ይነጋገራሉ። የፊሽ አድማጮችም የራሳቸው እንዲህ ያለ ስብስብ አላቸው። የፊሹ ጊታሪስት ትሬይ አናስታሲዮ ራሱ በ2006 ከዕፅ ጋር በተያያዘ ተይዞ፣ ታክሞ፣ ከሱስ ወጥቶ፣ በ2023 በቨርሞንቷ ለድሎ ከተማ የማገገሚያ ማዕከል እንዲከፈት አድርጓል።

ሠላሳ ያህል ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ከመካከላቸው አንድ ቀጭን ልጅ ወጥቶ የልጅ ልጇን አቀፈው። ጓደኛው ነው፤ አብረው ነው ኮሌጅ የገቡት። መጠጥ ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው።

«አንተስ?» አለችው ጓደኛዬ የልጅ ልጇን። የምትጠይቀው ገብቶታል።

«እኔ አይደለሁም እማማ። እሱ ብቻውን እንዳይመጣ ነው። ብቻውን ከመጣ ውጭ ያለውን አይችለውም፤ ሙዚቃውን ደግሞ አይተውም።»

«ታዲያ ለእናትህ ለምን አልነገርክም?»

«ብነግራት ከሰካራም ጋር አትሂድ ትለኛለች።»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፤ ትለው ነበርና። ከዚያ ያንን ቀጭን ልጅ ጉንጩን ሦስት ጊዜ ስማ፣ በአማርኛ መርቃው ተመለሰች። ምን እንዳለችው የልጅ ልጇ ሲተረጉምለት አየሁ።

በሁለተኛው ክፍል መሀል ሌሎቹ ሁሉ ወጥተው ሁለት ከበሮ መቺዎች ብቻቸውን ይቀራሉ። ከግሬትፉል ዴድ የመጣ ልማድ ነው፤ በዚያም ባንድ ሁለት ከበሮ መቺ ነበረ፣ ቢል ክሮይትዝማንና ሚኪ ሃርት። ብዙ አድማጭ በዚህ ሰዓት መጠጥ ሊገዛ ይወጣል። ጓደኛዬ ግን ከወንበሯ የተነሣችው በዚህ ሰዓት ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። አልደነሰችም፤ ትከሻዋ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሽማግሌው ሰውዬ በአክብሮት ቦታ ለቀቁላት።

ወደ ቤት ስንመለስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። «ዘፈኑ ረዘመ» አለች መኪና ውስጥ። «አንዳንዱን ደግሞ ጨርሰው ሲያበቁ አላወቁበትም። ከበሮው ግን ይሁን።» ከዚያ አንቀላፋች።

ማግስቱን የነገረችኝ እሷ ናት። ልጅየው ፈቅዶላት ነገሩን ለእናቱ አወጋች። እናትየዋ ወዲያው ደስ አላላትም፤ እንዲያውም «ይህን ያህል ነገር ከእኔ ደብቆ» ብላ አለቀሰች። ነርስ ናት፤ በሱስ የወደቀ ሰው በየቀኑ ታያለች፤ አንድ ዓመት ረጅም እንዳልሆነም ታውቃለች። ሁለት ነገር ጠየቀች። የት፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ሳይጠየቅ እንዲናገር፤ ሁለተኛው ደግሞ ያ ጓደኛው እሑድ ምሳ ላይ እንዲመጣ።

መጣ። ዶሮ ወጥ በላ፣ በሚጥሚጣው አለቀሰ። ጓደኛዬ በዋዜማው ከማቀዝቀዣው ያለውን ቢራ በሙሉ አውጥታ ጋራዥ ውስጥ ከጎማ ጀርባ አስቀምጣ ነበር፤ የልጇ ባል ሲፈልግ ሰንብቷል።

የቀረው ክርክር የቁጥር ነው። እናት በዓመት ሁለት ኮንሰርት ትላለች፤ ልጅ አራት ይላል። አያትየዋ እስካሁን ለማንም አልፈረደችም። የሚቀጥለው የት እንደሆነና ወንበር ያለው መሆኑን ግን ጠይቃለች።